የወንድይፍራው ተራ

ጠዋት ጠዋት መሬቱ የሰማውን ለደብሪቱ ይነግራታል። እሷም ፊቷን ሳትታጠብ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ገበታው ትሄድና የተነገራትን ታነባለች። ገበታው በቁጥር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር መስታወት ነው። በላዩ ሁለት መስመር ብቻ አለ፤ የላይኛው «ቀበሮ» ይላል፣ የታችኛው «ሰው» ይላል። ጓሳ ከሚባለው ጥብቅ የደጋ ሜዳ ሣር ሥር የተቀበሩት ጆሮ ድንጋዮች በላያቸው የሚያልፈውን ኮቴ እየለዩ ይቆጥራሉ፤ ገበታው ደግሞ የቆጠሩትን ያሳያል።

ዛሬ ገበታው፣ «ቀበሮ ስድስት፤ ሰው ሁለት» አለ።

ሁለቱ ሰዎች ደብሪቱና ጋሽ ጥላዬ ናቸው። ቀበሮዎቹን ግን ደብሪቱ የምታውቃቸው አምስት አድርጋ ነው።

ጣቷን በላይኛው መስመር ላይ አሳረፈች። መስመሩ ተከፈተና ስድስት ረድፍ አወጣ። ዘንድሮ በበራሪ ማሽን የተተከሉት አዳዲስ ድንጋዮች ከኮቴ ሌላ ትንፋሽም ይሰማሉ፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሁለት ነጥብ ይበራል፣ አንዱ ለእርምጃ፣ አንዱ ለትንፋሽ። ዳማ፣ የመንጋው እናት፤ ሁለቱም በርቷል። ሻንቆ፤ ሁለቱም በርቷል። ጉንጬ፣ ሽብሩ፣ አምና የተወለደችው ጠጄ፤ የሁሉም በርቷል። ስድስተኛው ረድፍ ስም የለውም። እርምጃው በርቷል። ትንፋሹ ጨለማ ነው።

«ጋሽ ጥላዬ» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። «ይኼ የማይተነፍሰው ዛሬም መጥቷል።»

ጋሽ ጥላዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ። የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የአካባቢው አባ ቄራ፣ ማለትም ጓሳው ሲዘጋና ሲከፈት አዋጁን የሚያስነግሩ፣ ሕዝብ የመረጣቸው ሹም። «እኔም በዚህ ዕድሜዬ አቀበት ስወጣ አልተነፍስም» አሉ። «ገበታሽ እኔን ቀበሮ ብሎኝ እንዳይሆን።»

«እርስዎንስ ከሰው ነው የሚቆጥርዎት፣ እየከበደውም ቢሆን።»

ሽማግሌው በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ከነገ ወዲያ የዓመቱ ቆጠራ ይጀመራል፤ ሰባት ተከታታይ ጠዋት። ሕጉ እንደሚለው ከስድስት ያነሰ መንጋ መንጋ አይደለም። የተረፉት ተይዘው ከተማ ወዳለው ማቆያ ይወርዳሉ፤ ጓሳውም ጥበቃው ተነሥቶ ለንፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ይሰጣል። ባለፈው በጋ የእብድ ውሻ በሽታ ሰባት ቀበሮ ፈጅቷል። እረኞች ሬሳቸውን ከክልሉ ጠርዝ እያገኙ አንድ በአንድ አምጥተዋል። በስም የሚታወቁት አሥራ ሁለት ስለነበሩ አሁን አምስት መሆን አለባቸው። ገበታው ግን በሽታው ከመግባቱ በፊትም አሥራ ሦስት ይል ነበር። በደህናው ጊዜ አንድ ትርፍ መኖሩን ማንም ልብ አላለም።

ሌላም የማይገባት ነገር ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ ቀበሮዎቹ ሰላምታ ከመለዋወጣቸው በፊት፣ ስድስቱም ኮቴዎች በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ከዚያ መሬቱ ሦስት ጊዜ በቀስታ ይነካል። ደብሪቱ ይህን የድንጋዮቹ ጉድለት አድርጋ ይዛዋለች።

ረፋዱ ላይ ከዋናው ቢሮ መርማሪዋ ወይዘሮ ቃልኪዳን በመስታወቱ ላይ ብቅ አሉ። ከኋላቸው የከተማው ፎቆች ይታያሉ።

«ድንጋዩ ተበላሽቶ ከሆነ ስድስተኛው አይቆጠርም» አሉ።

«ካልተበላሸስ? አይተነፍስም እኮ።»

«ሕጉ ስለ ትንፋሽ የሚለው የለም። አንቺው ታውቂዋለሽ።»

ደብሪቱ ታውቀዋለች። ቀይ ቀበሮ ከዚህ ተራራ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች የተወለዱት በቤተ ሙከራ፣ ከሰው ሠራሽ ማኅፀን ነው። ደማቸው ውስጥ የውሻም ገብቶበት ነበር። «ቀበሮ ናቸው፤ አይደሉም» በሚል ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ካከራከረ በኋላ አንዲት የሰለቻቸው ዳኛ ነገሩን ቋጩት፦ ቀበሮ ማለት ጎህ ሲቀድ መንጋው አሽትቶ የተቀበለው ነው። ከዚያ ወዲህ ድንጋዮቹ የሚቆጥሩት ይህንን ሰላምታ ነው።

«ስለዚህ ሄደሽ በዓይንሽ እይ» አሉ መርማሪዋ። «መንጋው ከተቀበለው ስድስት ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ለጥገና የአንድ ጠዋት ፈቃድ ሰጥቼሻለሁ።»

የአንድ ጠዋት ፈቃድ ትንሽ ነገር አልነበረም። ቀበሮዎቹ ሰው እንዳይለምዱ ሕጉ ከጉድጓዶቻቸው አካባቢ የሰውን እግር ከልክሏል፤ ያለፈቃድ የረገጠ ሰው ቢኖር ድንጋዮቹ ይጮኻሉ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት እዚያ የረገጠ የለም። የመጨረሻው ሰው የደብሪቱ አባት ነበር።

ወንድይፍራው አሳዳጊ ነበር። ከቤተ ሙከራ የወጡ ግልገሎች እናት ስለሌላቸው አይጥ ማደን የሚያስተምራቸው፣ ሰላምታ የሚያሳያቸው ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ ሰዎች ለምድ እየለበሱ በአራት እግር ሄዱላቸው። ለምድ ይባል እንጂ ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ለአጎነበሰ ሰው አጥንት የሚሆነው፣ ፀሐይ የሚመግበው፣ የለባሹን አረማመድ አጥንቶ የሚይዝ ልብስ ነው። ለባሹ ሲደክም ለምዱ ራሱ ተሸክሞ ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል። መጠኑ ከቀበሮ ይበልጣል፤ ግን ለግልገል እናት ሁልጊዜም ትልቅ ናት።

ወንድይፍራው ለሦስት ወር ተራ ወጥቶ በአንድ የክረምት ጭጋግ ውስጥ ቀረ። የመንደሩ ሰው አርባ ቀን ፈለገው። ገደሉን በገመድ ወረዱ፣ ወንዙን በእንጨት አሰሱ። ያልሄዱት ወደ ጉድጓዶቹ ብቻ ነው፤ ክልክል ነበር፣ ደግሞም ገበታው «ሰው የለም» ይል ነበር።

እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ለቅሶ አልተቀመጡም። ሬሳ ባይገኝ እንኳ የሟች ልብስ ተዘርግቶ ይለቀስበታል፤ እሳቸው ግን፣ «ለብሶት የወጣውን ሳላይ አላለቅስም» አሉ። እስከ ዛሬም አላለቀሱም። እሱ እስኪመጣ ይመስል የአልጋውን የግድግዳ ወገን ትተው በጫፉ ይተኛሉ።

በቁጥር ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከገበታው ጎን፣ አንድ የወይራ ዱላ ተሰቅሏል። የተራ ዱላ ነው። በአባቶች ደንብ ጓሳ የሚጠብቅ ሰው ተራውን ሲጨርስ ዱላውን በእጁ ለተተኪው ያስረክባል፤ ተተኪ ሳይወጣ ተረኛ አይወርድም። በአራት እግር የሚሄድ ሰው ዱላ መያዝ ስለማይችል ወንድይፍራው እዚያ ሰቅሎት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ያስረከበ የለምና።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ደብሪቱ ብቻዋን ወጣች።

ጭጋጉ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተኝቷል። ረጃጅሞቹ የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ ከውስጡ ራሳቸውን አውጥተው ቆመዋል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ለቀብር የወጣ ሰው ይመስላሉ። ወፍ አይሰማም። ከጉድጓዶቹ መሀል ያለውን ጆሮ ድንጋይ ሣሩን ገልጣ በጣቷ አንኳኳችው፤ ቢጫ መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ አለ። ደህና ነው። አልተበላሸም። ያን ጊዜ ነው ቢበላሽ ይሻላት እንደነበር የገባት።

ከጓሳው ሣር ኋላ ተቀምጣ ጠበቀች።

መጀመሪያ ዳማ መጣች፣ በእርግዝና ሆዷ ከብዶ። ከዚያ ሻንቆ። ከዚያ ሦስቱ ተከታትለው። ከሁሉም ኋላ ስድስተኛው መጣ።

ከዳማ እጥፍ ይሆናል። ጠጉሩ በየቦታው ተመልጦ ሽቦው ይታያል። በተመለጠው ላይ ግን ቀበሮዎቹ ለዓመታት ተጠግተውት ሲተኙ የተውት ጠጉር ተጋግሮ፣ ቀይና ነጭ ሆኖ ለብጦታል። አረማመዱ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ብርዱ ጠንካራ ስለነበር ከአምስቱ አፍ እንፋሎት ይወጣል። ከእሱ አፍ ምንም አይወጣም።

ስድስቱም ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፤ ከሥሩ የመንደሩ ቅዱስ ሚካኤል ወዳለበት። ስድስተኛው የፊት እግሮቹን አጥፎ ግንባሩን መሬት አስነካ። አምስቱ ተከተሉት። ሁለተኛ አስነካ፤ ተከተሉት። ሦስተኛው ላይ ግንባሩን ከመሬት ሳያነሣ ጥቂት ቆየ። እነሱም ቆዩ።

ደብሪቱ ይህን ስግደት ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች አባቷ ከቤት ሲወጣ እንዲሁ ይሰግድ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ይቆያል፣ እሷም ምን እንደሚል ለመስማት ጆሮዋን ታስጠጋለች። አንድ ቀን ነግሯታል። «ስማችሁን ነው የምጠራው» ብሏት ነበር። አሁን ሰው አይታ የማታውቀው ጠጄ ግንባሯን ከውርጩ ላይ አድርጋ፣ የማታውቀውን ስም ለመጥሪያ የሚበቃ ጊዜ ያህል ዝም አለች።

ደብሪቱ ከሣሩ ኋላ ወጣች። መቼ እንደተንበረከከች አታውቅም። ግንባሯን መሬት ስታስነካ ውርጩ ሲሰበር ሰማች። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆየች።

ቀና ስትል ዳማ ፊቷ ቆማለች። ቀበሮዋ አፍንጫዋን ከአፏ ጥግ አድርጋ አሸተተቻት። ሻንቆ ቀጠለ። ሌሎቹም በተራ መጡ፤ ትንፋሻቸው ሞቃት ነበር፣ የአይጥ ደምና የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። አልተንቀሳቀሰችም።

በመጨረሻ ለምዱ መጣ። ደረቱ ላይ ለአየር ማስገቢያ የተተወ ወንፊት አለ። በወንፊቱ ውስጥ የጋቢ ጥለት አየች። ከጥለቱ በላይ ጥቁር ማተብ አየች። ከማተቡ በላይ ያለውን አላየችም፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ለምዱ አላወቃትም። ለምድ ሰው አያውቅም፤ የለባሹን ልማድ ነው የሚያውቀው። ጥቂት ራመድ ብሎ ከአንድ የአይጥ ጉድጓድ አፍ አጎነበሰና ዝም ብሎ ጠበቃት፤ ገና እንደምትማር ግልገል። ረጅም ጊዜ ጠበቃት። አባቷ በሕይወት ሳለ ለአንድ ነገር እንዲህ ታግሶ አስተምሯት አያውቅም። ሁልጊዜ ሊወጣ የቸኮለ ሰው ነበር፤ ትዕግሥቱን የት ያኖረው እንደነበር ዛሬ አየች።

ቁጥር ቤት ስትደርስ ጋሽ ጥላዬ ውጪ ቆመው ነበር። ያየችውን ሁሉ ሳታለቅስ፣ በቅደም ተከተል፣ እንደ ሪፖርት ነገረቻቸው። ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እዚያው ሞቶ ለምዱ መለሰው» አሉ። «ልቡ ይሆናል። ልቡን ያመው ነበር፣ ለእናትሽ አልነገራትም።» ደግሞም፣ «አጎትሽ ወደ ጉድጓዶቹ ካልሄድን ብሎ ነበር፣ ያን ጊዜ። ገበታውን አሳይቼ የመለስኩት እኔ ነኝ። ‹ሰው የለም ይላል፣ አታይም ወይ› አልኩት።»

«ገበታው አልዋሸም። ከቀበሮዎቹ ጋር ቆጥሮት ነበር።»

«አዎን። እኛ የታችኛውን መስመር ብቻ አነበብን።»

 ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር፤ ለመናገር የደፈረችው እሷ ናት።

«ካወረድነው አምስት ይሆናሉ።»

«ካላወረድነው ደግሞ እናትሽ በዚያ አልጋ ጫፍ ትሞታለች።»

«እንዲህ ሲሉኝ ምን ላድርግ፣ ጋሽ ጥላዬ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።» ደገፍ ብለው ተነሡ። «ግቢ፣ ሙቅ ነገር ቅመሽ። ከንፈርሽ ጠቁሯል።»

ቀድመዋት ገቡ። ከዚያ በሩ ላይ እንደ ጅብራ ተገትረው ቀሩ። ደብሪቱ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ገበታውን አየች።

«ቀበሮ ሰባት፤ ሰው አንድ።»

ጋሽ ጥላዬ መስታወቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና መስታወቱን አዩ። ደብሪቱ ሄዳ የላይኛውን መስመር ነካችው። ሰባት ረድፍ ወጣ። ሰባተኛው ስም የለውም። እርምጃው በርቷል፤ ትንፋሹም በርቷል። ትንፋሿን ያዘች። ነጥቡ ደበዘዘ። ለቀቀችው፤ በራ።

«ያለ አባቴ ስድስት ነን» አለች።

 «ሰባት ጠዋት ነው ቆጠራው» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ጠዋት ከሰላምታው ከጎደልሽ ፈረሰ። መንደሩ በዓይን ቅርብ ነው እንጂ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ቀብሩ ላይ አትደርሺም።»

«አውቃለሁ።»

«በሰባቱ ቀንም አያልቅ። መንጋው ስድስት ካልሆነ በማንኛውም ጊዜ ይነጠቃል።»

«ዳማ ልትወልድ ነው። ግልገሎቹ ወጥተው ሰላምታ እስኪያገኙ ነው።»

«ሦስት ወር» አሉ ጋሽ ጥላዬ፣ ለራሳቸው ይመስል።

«አባቴም የወጣው ለሦስት ወር ነበር» አለች፤ ያለችውን የሰማችው ግን ካለችው በኋላ ነው።

ወደ ጉድጓዶቹ ተመለሰች። የጥገናው ፈቃድ አልፎበት ነበር፤ ግን ፈቃድ የሚያስፈልገው ለሰው ነው። ድንጋዮቹ በእግሯ ሥር አንድ ጊዜም አልጮኹም።

ለምዱ ፀሐይ ላይ ተኝቶ አገኘችው። ከአንገቱ ኋላ ያለችውን መቆለፊያ በሁለት ጣቷ ተጫነች። ለምዱ ተከፈተ። አባቷን በጋቢው እንደተጠቀለለ አወጣችው፤ ቀላል ነበር፣ በእቅፏ ይያዛል። ቀበሮዎቹ እየተከተሏት እስከ ክልሉ ጠርዝ ሸኙት፤ እዚያ ቆሙ። ከጠርዙ ማዶ በአቅራቢያው ከብት የሚያግዱ አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው፣ ጋሽ ጥላዬ ደግሞ የወይራውን ዱላ ይዘው ይጠብቁ ነበር። አራቱ ሰዎች ከኋላዋ የቆሙትን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። አንዱ እንዳትጠጋው በሚፈልግ ዓይን እሷንም አያት። የአጎቷ ልጅ ነበር፤ አብረው ነው ያደጉት። አባቷን ራሷ ቃሬዛው ላይ አስተኛችው።

ጋሽ ጥላዬ ዱላውን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። «ከወንድይፍራው እጅ» አሉ። ቃሬዛውን ተከትለው፣ ሌሊቱን ሊጓዙ፣ ወረዱ።

በቆጠራው የመጀመሪያ ጠዋት ባዶው ለምድ እንደ ልማዱ ከተኛበት ተነሣ። ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ፤ ሦስት ጊዜ ሰገደ፤ ሦስተኛው ላይ ቆየ። ከዚያ ሰላምታ ሊሰጥ መጣ። ዳማ አለፈችው። ሻንቆም አለፈው። አንዳቸውም አፍንጫቸውን አላስጠጉለትም። ለምዱ እዚያው ቆሞ ጠበቀ። ደብሪቱ ያን ጊዜ ተረዳች፦ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ሰላም ይሉት የነበረው ለምዱን አልነበረም። መሞቱን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ተራውን የሚቀበለው እስኪመጣ መንጋው ከቁጥር አላወጣውም።

ከዚያ ወደ እሷ መጡ።

ረፋዱ ላይ መርማሪዋ ከከተማ ሆነው ገበታውን አነበቡ። ቁጥር ቤቱ ውስጥ የሚያነጋግሩት ስላላገኙ መልእክት ትተው ሄዱ፦ «የስድስተኛው ትንፋሽ አሁን ይሰማል። ድንጋዩን ስላስተካከልሽ እናመሰግናለን።»

ከቀትር በኋላ ጭጋጉ ተገፈፈ። ደብሪቱ ከገደሉ አፍ ተቀምጣ ቁልቁል አየች። መንደሩ ከእግሯ ሥር የፈሰሰ ጥሬ ይመስላል። ነጭ የለበሰ ሰው ከሚካኤል ቅጥር ገብቶ ሲከብብ ታያለች፤ ፊት አይለይም። ድምፅ ግን ገደሉን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ የካህናቱ ፍታት መጣ። ከዚያ አንድ የሴት ድምፅ ለብቻው ተነሣ። አሥራ አንድ ዓመት የታፈነ ድምፅ ነበር፤ መሀል ላይ ተሰነጠቀ፣ እንደገና ተነሣ፣ የወንድይፍራውን ስም ጠራ።

ደብሪቱ ልትመልስላት አፏን ከፈተች።

ከጎኗ ዳማ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ተቀበለች። ሌሎቹም ተቀበሉ። ለቀስተኞቹ ቀና ብለው ገደሉን አዩ። ከላይ የሚመጣውን የቆጠሩ ስድስት ድምፅ ነው ይላሉ፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት ነበሩ ይላሉ።

በሩ ክፍት በቀረው ቁጥር ቤት ውስጥ ገበታው አንባቢ ሳይኖረው ያበራ ነበር።

«ቀበሮ ስድስት፤ ሰው የለም።»